ዝዋይ ያልደረሰው ነጠላ

«አንቺ ውሃ ትፈሪ የለ? ደሴት ምን ልትሠሪ ነው?» አሉኝ ያሳደጉኝ አክስቴ፣ ቦርሳዬን ስዘጋ። «በይ እኔንም ውሰጂኝ፣ ሳልሞት አንዴ ልድገመው» ብለው ነጠላቸውን ከሳጥን አወጡ። የናፍታሊኑ ሽታ ወደ ስምንት ዓመቴ መለሰኝ።

ያኔም ጉዞው ወደ ዝዋይ ደሴት ነበር። የሰፈሩ ማኅበር የተከራየው አውቶቡስ ቀራንዮ ፌርማታ ቆሟል። ስለ ጀልባው ለክፍሌ ልጆች ሳምንት ሙሉ ጉራዬን ስነዛ ከርሜ፣ ከሁሉም ቀድሜ መስኮት ጋ ተቀምጫለሁ። አስተባባሪው «አንድ ወንበር ጎደለ» ሲል አክስቴ «ልጅቷ ውሃ ትፈራለች» አሉት። ማንን እንደሚሉ አልገባኝም፤ እኔ ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሌላ ውሃ አይቼ አላውቅም። ወደ እኔ ዞሩና «የኔ ቆንጆ፣ ሮጥ ብለሽ ነጠላዬን አምጪልኝ» አሉኝ። ትከሻቸው ላይ ሌላ ነጠላ ነበር። ግን ሮጥኩ።

ነጠላውን ታቅፌ እያለከለክሁ ስመለስ አውቶቡሱ የለም። ይመለሳሉ ብዬ እስከ ቀትር እዚያው ቆምኩ።

ዛሬ ጓደኞቼ በራችን ላይ ሚኒባስ አቁመው ክላክስ ይነፋሉ። አክስቴ ያንኑ ነጠላ ለብሰው፣ ክንዴን ይዘው ወጡ።

«ጃንጥላዎን ረሱ፤ ደሴቱ ፀሐይ ነው» አልኳቸው።

«ውይ፣ ተባረኪ! ጠብቂኝ እሺ?» ብለው ግድግዳውን እየተደገፉ ተመለሱ።

ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁና ሹፌሩን «ንዳው» አልኩት።