ጨው ቀማሽ ያጣንበት ሁዳዴ

በእናቴ ማድ ቤት የሁዳዴ ትልቁ ችግር ረሃብ አልነበረም፤ ጨው ነበር። ጾመኛ ሰው ወጥ ይሠራል እንጂ አይቀምስም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቅዳሴ እስኪወጣ ድረስ ውሃ እንኳ በአፏ የማይዞር ሴት የሠራችው ወጥ ጨው ይብዛበት ይነስበት በምን ታውቃለች? እናቴ ግን መላ ነበራት። መላዋ የምትኖረው ከአጥር ማዶ ነበር።

ቡታጅራ ያለው ቤታችን ከአንዲት ሙስሊም ጎረቤታችን ቤት የሚለየው በእንሰት ረድፍና በአንድ ያረጀ አጥር ብቻ ነበር። ልጆቿ አድገው አዲስ አበባ ለንግድ ከገቡ ወዲህ ብቻዋን ነበረች፤ እኔ እትዬ እላታለሁ። እናቴ ወጡ ሊወጣ ሲል በአጥሩ ቀዳዳ ትጣራለች። እትዬ ትመጣና መዳፏን ትዘረጋለች፤ እናቴ ከማማሰያው አንድ ጠብታ ጠብ ታደርግላታለች። እትዬ ትልስና ዓይኗን ጨፍና ጥቂት ታስባለች። ከዚያ ወይ "ትንሽ ጨምሪ" ወይ "በቃ፣ እንዳትነኪው" ትላለች። ረመዳን ሲገባ ደግሞ እናቴ በዚያው ቀዳዳ ታልፍና የእትዬን ሾርባ ትቀምሳለች። ሁለቱም የመስቃን ልጆች ስለሆኑ የሚያወሩት በጉራጊኛ ነበር። አባቴ ሲስቁ እንጂ ምን እንዳሳቃቸው ሰምቶ አያውቅም።

አባቴ ጎጃሜ ነው። ወደ ቡታጅራ የተላከው በየገጠሩ እየዞረ ወንጌል እንዲያስተምር ነበር። ሰኞ በበቅሎ ይወጣል፤ የመስቃንን መንደሮች ያዳርሳል፤ አንዳንዴም ተራራውን ተሻግሮ ቸሃ ድረስ ይዘልቃል። ሲመለስ ጋቢው ጭስ ጭስና የበቅሎ ላብ ይሸታል። በገዛ ቤቱ እንግዳ ነበር ብል አላጋነንኩም። በጣም እወደው ነበር። በልጅነቴ እንደዚያች በቅሎ የቀናሁበት ፍጡር የለም፤ ከእኔ ይልቅ ከእሱ ጋር የምትውለው እሷ ነበረቻ።

ሰባት ዓመት በሞላኝ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጠሙ። እናቴና እትዬ አጥሩ ሥር ቆመው እንባቸው እስኪመጣ ሲስቁ ትዝ ይለኛል። ሁለት ድስት፣ ሁለት ጾመኛ፣ አንድም ቀማሽ የለም። ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ።

በዚህ ዓይነት የሁለት ቤት ጨው ቀማሽ ሆንኩ። ረፋድ ላይ ለእናቴ፣ ቀጥሎም የማታ ሾርባዋን በቀትር ሠርታ ለምታስቀምጠው ለእትዬ መዳፌን እዘረጋለሁ። ሹመቱን ወድጄው ነበር። ሽሮው ከጣመኝ፣ ጨው እንዳለው እያወቅሁ "አልለየልኝም፣ ድገሚልኝ" እላለሁ።

አንድ እሑድ ማታ ግን አባቴ ጓዙን ሲያሰናዳ ጉልበቱን ያዝኩና "አባባ፣ እኔንም ይውሰዱኝ" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። "ሰባት ዓመት ሞልቶሻል፤ እንግዲህ ጾም ይመለከትሻል። ከነገ እስከ ዓርብ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹሚ። ሳትገድፊ ከጠበቅሽኝ ቅዳሜ ወደ መስቃን ስወጣ በበቅሎ ይዤሽ እሄዳለሁ። ከገደፍሽ ግን ትቀሪያለሽ" አለኝ። አባቴ አንድ ጊዜ ከተናገረ ተናገረ ነው።

ሰኞ ረፋድ ላይ እናቴ ማማሰያውን ይዛ ስትጠራኝ እጄን ከኋላዬ ደብቄ "ጾመኛ ነኝ" አልኳት። መጀመሪያ ሳቀችብኝ። የምሬን መሆኑን ስታይ ጨው በጣቷ ቆንጥራ አነሳችና "እንግዲህ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል" ብላው ድስቱ ውስጥ በግምት ወረወረችው። የሰኞ ወጥ ውሃ ውሃ አለ። የማክሰኞው ምላስ ያቃጥል ነበር። ማዶም ቢሆን ከእኛ አይሻልም፤ እትዬ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ እያየችኝ "አንቺ ልጅ ቤታችንን ዘጋሽው" ትለኝ ነበር።

ሁለቱን ቀን እንደምንም ተወጣሁት። ረቡዕ ግን እውነተኛው ረሃብ መጣ። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ስጠብቅ ፀሐይዋ አንድ ቦታ ላይ የተተከለች መሰለኝ። እናቴ የቆሎውን ሰሃን ከፊቴ አንስታ ቆጥ ላይ ሰቀለችልኝ። ሐሙስ አለፈ። ዓርብም ስምንት ሰዓት ሆነ።

ስምንት ሰዓት ላይ ከገበያ የሚመለስ አንድ ሰው በደጃችን ሲያልፍ፣ አባቴ አንድ ሽማግሌ ቄስ አስከትሎ እየመጣ መሆኑንና ለዘጠኝ ሰዓቱ ማዕድ እንደሚደርሱ ለእናቴ ነገራት። ቄሱ አባቴ በማግስቱ የሚሄድበት መንደር አገልጋይ ናቸው። እናቴ ክው አለች። እኚያ ቄስ አምና፣ እትዬ ልጆቿን ልትጠይቅ አዲስ አበባ በሄደች ሰሞን፣ ቤታችን በልተው በጨው ብዛት አንድ እንስራ ውሃ ጨርሰዋል ተብሎ፣ የእናቴ ዘመዶች ባሉበት መንደር ሁሉ ተወርቶባታል። አሁንም ድስቱ ውስጥ ጨው የጨመረችው ተደናግጣ ነበር፤ ምን ያህል እንደጨመረች እንኳ አላወቀችም።

ማማሰያውን ይዛ ከፊቴ ተንበረከከች። "አንዲት ጠብታ ብቻ። በሞቴ ልጄ።"

እናቴ ታዛለች እንጂ ለምናኝ አታውቅም። ወደ አጥሩ ዞርኩ። እትዬ ቀዳዳው ዘንድ ቆማለች፤ ዓይኔን ስታይ ፊቷን አዞረች። መዳፌን ዘረጋሁ። ልሼ ልተፋው አስቤ ነበር፤ ግን ተተፍቶ ጨው አይለይም። ዋጥኩት።

"ትንሽ ጨምሪ" አልኳትና ለቅሶዬን ለቀቅሁት።

እናቴ ጨመረች። ከዚያ እንባዬን በነጠላዋ ጠርጋ "ማንም አያውቅም" አለችኝ በሹክሹክታ።

"እግዚአብሔርስ?"

እሳቱን ትቆሰቁስ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ የዘጠኝ ሰዓቱ ደወል ተደወለ።

አባቴ ከበቅሎዋ ሲወርድ በብብቱ ሥር አዲስ የበግ አጎዛ ይዞ ነበር። "ይቺ ላንቺ ናት። በበቅሎዋ ላይ እንዳይቆረቁርሽ" አለኝና መደቡ ላይ አስቀመጣት። ሳልገድፍ እንደምጠብቀው አልተጠራጠረም ነበር። ያ ነው አንጀቴን የበላው።

ቄሱ ባርከው ተቀመጡ፤ እኔንም እንደ ጾመኛ ከማዕዱ አስቀመጡኝ። አባቴ አንድ ጊዜ ጎረሰና ቆም አለ። "እንዴ፣ ዘንድሮ ጨው ቀማሽ ከየት ተገኘ?" አለ እየሳቀ። እናቴ አቀረቀረች። ዝም ብል አንድም የሚናገርብኝ አልነበረም። አጎዛዋም እዚያው አለች፣ ነጭ፣ ገና ያልተነካች።

"እኔ ነኝ። ገድፌያለሁ" አልኩ።

የአባቴ ሳቅ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። ያነሳውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። "እንግዲህ ትቀሪያለሻ" አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ኀዘን ነበር፤ እሱም መሄዴን እንደኔው ተመኝቶት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝና ባሰብኝ።

"አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ!" አለች እናቴ። እንግዳ ባለበት ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ሰምቻት አላውቅም። "እኔ ነኝ ያስገደፍኳት። እርስዎን ላለማሳፈር ብላ ነው የቀመሰችው። ቀኑን ሙሉ እዚያ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ እርስዎን ስትጠብቅ የማያት እኔ ነኝ።"

ቄሱ ይህ ሁሉ ሲሆን መብላታቸውን አላቋረጡም። ጨርሰው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ መስቀላቸውን አወጡና "ነይ እስቲ" አሉኝ። አማርኛቸው የአገራችን ቅላጼ አለው። "ስንት ቀን ጾምሽ?"

"አራት ቀን ተኩል።"

"ደህና። ቢሆንም ገድፈሻል፤ የገደፈ ደግሞ ቀኖና አለበት። ያንቺ ቀኖና ነገ እኛ አገር መጥተሽ ቤተ ክርስቲያኑን መሳለም ነው። መንገዱ ሩቅ ነው፤ በእግርሽ አትችይውም። በበቅሎ ትመጫለሽ።" ወደ አባቴ ዞሩ። "መምህር፣ ጾምን ለሕፃን በበቅሎ የሸጡላት እርስዎ ነዎት። የእርስዎ ቀኖና በእግርዎ መሄድ ነው፤ በቅሎዋንም ይስቡላታል።" መጨረሻ ላይ እናቴን አዩና "ላንቺ ቀኖና የለኝም፤ ወጡ ጥሩ ነው" አሉ።

ከአጥሩ ማዶ የእትዬ ሳቅ ተሰማ። ለካ ቆማ ስትሰማ ነበር።

አባቴ ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ተሳለመና "ይሁን፣ አባቴ" አለ። ጺሙ ውስጥ ፈገግታ ሲሸሽግ አየሁት።

ቅዳሜ በጠዋት ቄሱ በበቅሏቸው ቀድመው፣ እኛ ተከትለን ወጣን። አጎዛዬ ላይ ተቀምጬ የአባቴን ጥምጥም ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ አየሁት። በበርበሬ ማሳዎች መካከል ልጓሙን ይዞ ብዙ ሄደ። ከተማው ከኋላችን ከጠፋ በኋላ ነው ዞር ያለው።

"በጣም ርቦሽ ነበር?"

"ረቡዕ ብቻ" ብዬ ዋሸሁ።

"እኔን ግን በየቀኑ ይርበኛል" አለ። "ለማንም እንዳትነግሪ።" እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ቀትር ላይ ደረስን። ደጁን ተሳለምኩ፤ ቀኖናዬን ጨረስኩ። የመንደሩ ሴቶች ቆጮና ትኩስ ሽሮ አቀረቡልን። ቅዳሜ ስለሆነ ሰዓት የሚጠብቅ አልነበረም፤ አባቴ ያለ ማንም እርዳታ ቀምሶ መብላት ይችል ነበር። እሱ ግን ማማሰያውን ከሴቲቱ እጅ ተቀበለና ሰው ሁሉ እያየ ወደኔ ጎንበስ አለ።

"መዳፍሽን" አለኝ።

ዘረጋሁ። ላስኩ፤ እንደ እትዬ ዓይኔን ጨፍኜ ጥቂት አሰብኩ። "በቃ፣ እንዳትነኩት" አልኩ።

አባቴ ወደ ማዕዱ እጁን የዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው።