አክስቴ የበላችው ሥጋ

የሰላም ቡድናችን ሞተር ሳይክል አልነበረውም። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከዚህ ነው። ከጃጁራ ወዲያ ባሉት ቀበሌዎች ሰው ተጣላ ሲባል እኛ ሆሳዕና መናኸሪያ ቆመን ሚኒባሱ እስኪሞላ እንጠብቃለን፤ ወሬ ግን እስኪሞላ አይጠብቅም። ስንደርስ ዱላው ወርዶ፣ ሰው ቆስሎ፣ አንዳንዴም ለቅሶ ተቀምጠው እናገኛቸዋለን። ሊያስታርቅ የሄደው ቡድን ለቅሶ ደርሶ ይመለሳል። ሰባት ነበርን፤ አንድ የጤና ባለሙያ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ የቀረነው መምህራን። እኔ ሲቪክስ አስተምራለሁ። ደመወዛችን በትራንስፖርት ሲያልቅ የሰላም በዓል እናዘጋጅ፣ ሕዝቡ ይጠራ፣ ጨረታ ይውጣ፣ በገቢው ሞተር ይገዛ ተባለ። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። እስከ ዛሬ ሰው በዚህ ሲያመሰግነኝ አቋርጬ ስለ ሌላ ነገር አወራለሁ።

እኔን ወደ ቡድኑ ያስገባኝ ሰላም ወዳድነት አይደለም፤ ቁጡ ነኝ፣ ተማሪዎቼም ያውቃሉ። ያስገባኝ የአክስቴ ልጅ ሞት ነው። የእናቴ ታናሽ እህት አንድ ወንድ ልጅ ነበራት። ሁለት ቀበሌዎች በግጦሽ መሬት ሲጋጩ እሱ ጥጃውን ሊመልስ ወጥቶ ጭንቅላቱን በዱላ ተመትቶ ሞተ። እነዚህ ሁለት ቀበሌዎች አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፣ አንድ ገበያ ይውላሉ፣ እሑድ እሑድ አንድ መዝሙር ይዘምራሉ። ሰዎች ተይዘው ነበር፤ ምስክር ጠፍቶ ተለቀቁ። ልጁን የመታው ከየትኛው ጎሳ እንደሆነ አገር ያውቃል። የትኛው እጅ እንደሆነ ግን የተናገረ የለም።

አክስቴ ካሳ አልጠየቀችም። ይታሰርልኝም አላለችም። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አንድ ሰው ተነስቶ እኔ ነኝ ይበለኝ። ያን ጊዜ ይቅር እላለሁ፣ ጌታም ይቅር በሉ ብሏል። ግን ማንን ነው ይቅር የምለው? ቀበሌውን?»

በእኛ አገር ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎች ናቸው። መታሁ የሚለው ሰው ወጥቶ ሳይናገር እርቅ የለም። እርቅ ከሌለ ደግሞ የሟችና የገዳይ ወገን አብረው አይበሉም፣ ከአንድ ዕቃ አይጠጡም። አንዱ የሌላውን ከበላ ግን ታርቋል ማለት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። ስለዚህ አክስቴ በእጇ የቀራት ጉልበት አለመብላት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ የእነሱ ሰው ካለበት ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ትመለሳለች። ሽማግሌዎቹም ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ሁለቴም ለዚያ ጎሳ የተናገሩት ያንኑ ነበር፤ ይህች ሴት ካልበላች አትገላገሉም፣ ሰውዬውን አውጡ። ያ ጎሳ ተጨንቆ ነበር። ከዛሬ ነገ ያወጡታል የሚል ወሬም እኛ ጆሮ ደርሶ ነበር።

በዓሉ የወደቀው በዚህ መሐል ነው። ቡድናችን ልጇን ያጣች እናት ከፊት ካልተቀመጠች የሰላም በዓል ምኑ የሰላም በዓል ነው አለ። እሷን ማምጣት የእኔ ሥራ ሆነ። ቅዳሜ ቤቷ ሄድኩ። እንሰት ስትፍቅ አገኘኋትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። የምናወራው በሀዲይኛ ነው።

«መጥቼ ምን እሠራለሁ?» አለችኝ።

«ምንም። ከእኔ ጋር ትቀመጫለሽ።»

«ጨብጫቸው ይሉኛል።»

«ማንም አይልሽም። እኔ የለሁም እንዴ?»

መፋቂያዋን አስቀመጠች። «አንቺ ካለሽማ እሺ» አለች።

በዝግጅቱ ስብሰባ ላይ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አቀረብኩ። በእኛ ጨረታ የሰጪ ስም በማይክ ሲጠራ ቀበሌ ከቀበሌ ይፎካከራል፤ ይኼኛው ዶሮ ሲሰጥ ያኛው በግ፣ ያኛው በግ ሲሰጥ ይኼኛው ወይፈን። ለሰላም በተጠራ ስብሰባ ላይ ጠብ እንዳይነሳ የሰጪ ስም አይነገር አልኩ። አጨበጨቡ። እኔም በብልጠቴ ኮራሁ። ስጦታ ተቀባይም አደረጉኝ፣ ማን ምን እንደሰጠ የማውቅ እኔ ብቻ እንድሆን።

የበዓሉ ቀን የትምህርት ቤቱ ግቢ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ በሞንታርቦ ይናጥ ነበር። ነጭ ቲሸርት አሳትመን ርግብ አሥለንበታል፤ የአታሚው ሙያ ሆኖ አንገቷ ረዝሞ ዳክዬ መስላለች። ሰዉ ግን ደስ ብሎት ለበሳት። ከሾኔ የመጡ እንግዶች አንድ ጆንያ በርበሬ አመጡ። ቡላ የያዘ፣ ማር የያዘ፣ ዶሮ በክንዷ ያቀፈች፣ ሁሉም በእኔ በኩል አለፈ። ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ቆብ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ቀይ ሰንጋ እየጎተቱ መጡ። አውቃቸዋለሁ። የዚያ ጎሳ አባት ናቸው።

«ከእኛ ከሁላችን ነው» አሉኝ ገመዱን በእጄ እያስያዙኝ። «ለሰላም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልን አባባ» ብዬ ሰንጋውን ከግራር ሥር አሰርኩት። አስበውበት ይሁን በቅንነት እስከ ዛሬ አላውቅም። አክስቴን አስታወስኳት ወይ ለሚለኝ፣ አዎ፣ ገመዱን ስቋጥር አስታወስኳት። ይሸጣል፣ የገዛው ይዞት ይሄዳል፣ ያበቃል ብዬ አለፍኩት።

ጨረታ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚሄድ ለማያውቅ ልንገር። ያሸነፈው ሰው ዕቃውን ይዞ አይሄድም። ይከፍልና «መልሼ ሰጥቻለሁ» ይላል፤ እልል ይባላል፤ ዕቃው እንደገና ለጨረታ ይወጣል። አንዲት ዶሮ ስድስት ጊዜ ተሸጣ ማታ ከሰጪዋ ጋር ወደ ቤቷ ስትመለስ አይቻለሁ። ሰንጋውም አራት ጊዜ ተሸጠ። አራተኛው ገዢ መሐል ከተማ የብረታ ብረት ሱቅ ያለው ነጋዴ ነበር፤ ወላጆቹ ከጉራጌ የመጡ፣ እሱ እዚሁ ሆሳዕና ተወልዶ ያደገ፣ ለማንም ቤተ ክርስቲያን ለማንም መስጊድ ቆርቆሮ የማይከለክል ደግ ሰው። ማይኩን ተቀበለና «እኔም እመልሳለሁ፤ ግን ለጨረታ አይደለም። ይታረድና ሁላችንም አብረን እንብላው» አለ።

ሰው በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበ። ለምሳ የታሰበው ቆጮና ጎመን ነበር፤ ሥጋ ሲገኝ ማን ይጠላል? በዚያ ግቢ የሰንጋውን ምንጭ የምናውቀው ሰጪዎቹና እኔ ብቻ ነን። ወደ ነጋዴው ሄጄ በጆሮው ሁለት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ይሁን እንጂ የዞን እንግዶች ከፊት ተቀምጠዋል፣ ካሜራ እየቀረጸ ነው፣ መዘምራኑም ጀመሩ። ሰንጋውን ወደ ግቢው ጀርባ ሲወስዱት እኔም እያጨበጨብኩ ነበር።

ምሳ ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ አክስቴ ቀኑን ሙሉ ከጎኔ አልተለየችም። ሰው ሳህን ይዞ ሲሰለፍ እሷ ከፌስታሏ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋች። ምሳዋን ከቤቷ ይዛ ነው የመጣችው። የሚያዩን ሰዎች ነበሩ። አፈርኩ። እውነቱን ለመናገር በእሷ አፈርኩ።

«አክስቴ፣ ሰው ያያል» አልኳት።

«ይየኛ።»

«ዛሬ የሰላም ቀን ነው። አንቺ ለብቻሽ ስትበዪ ምን ይባላል?»

ኮባውን መልሳ ሸፈነችና «ሥጋው የማን ነው?» አለች። እንዲህ ቀጥ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«የነጋዴው ነው። ገዝቶ ነው ያሳረደው» አልኳት።

ሲቪክስ የማስተምር ሴት ነኝ። ንብረት በሽያጭ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። አራት ጊዜ የተሸጠ በሬ የመጀመሪያው ባለቤት ነው ሊባል አይችልም እያልኩ ለራሴ እንደ ጎበዝ ተማሪ አስረዳሁ። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ሳህን ሞልቼ አመጣሁላት። በላች። ሁለት ዓመት ከሰው ጋር ተቀምጣ ያልበላች ሴት ቀስ ብላ፣ እያጣጣመች በላች። «ጥሩ ሥጋ ነው» አለችና ጠቅልላ አጎረሰችኝ።

ገቢው ከጠበቅነው በላይ ሆነ። ሞተሩም ተገዛ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን ያ ጎሳ ሽማግሌዎቹን ጠራ፤ እርቁ ተበልቷል፣ ነገሩ ይዘጋልን ብሎ። ገበያው ዳር ባለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አክስቴ በአንድ በኩል፣ እነሱ በሌላ በኩል፣ እኔ ከአክስቴ ኋላ። ቆብ ያደረጉት ሽማግሌ ተነስተው ሰንጋው የእኛ ነበር፣ እሷም ሕዝብ እያየ በልታለች አሉ። ስትበላ ያየ ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ። አክስቴ ተነሳች።

«የነጋዴው ነው ተብዬ ነው የበላሁት» አለች።

«ማን አለሽ?» አሉ የሽማግሌዎቹ ታላቅ።

ወደ እኔ ዞራ አላየችም። «ልጄ ናት። እሷም ያየችውን ነው የነገረችኝ» አለች።

ያን ጊዜ ታላቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ። የማን ሰንጋ እንደሆነ እያወቅሽ አብልተሻት ከሆነ አሁን ተናገሪ። ተታልሎ የበላ አልበላም፤ የእሷ አፍ ንጹሕ ነው፣ ነገሩም ወደነበረበት ይመለሳል፣ እነዚህም ሰዋቸውን ያወጣሉ። አንቺም ካላወቅሽ ግን ያበላት እግዚአብሔር ነው፤ እርቁ ያዘ። ታውቂ ነበር?»

ቆብ ያደረጉት ሽማግሌ መሬት መሬቱን ያያሉ። ገመዱን በእጄ ያስያዙኝ ሰው ናቸው፤ ግን እሳቸውን ማንም አልጠየቃቸውም። እኔ ያሰብኩት ስለ ሞተሩ ነው። የሰላም ቡድን ሰው አታሎ ያበላል ከተባለ ማን ከእንግዲህ ወዲያ በር ይከፍትልናል አልኩ በልቤ። ስለ ስሜም አሰብኩ፣ ከዚህም በላይ ስለ ስሜ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል፤ አክስቴም ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች።

«አላወቅሁም ነበር» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ መረቁ። ያ ጎሳ ተነስቶ ተሰለፈ፤ ሥርዓቱ ነው፣ አንድ በአንድ እየመጡ ይጨብጧታል። የጎሳው አዛውንቶች ቀደሙ፣ ጎልማሶቹ ተከተሉ፣ ከዚያ ወጣቶቹ። ሠላሳ ይሁኑ አርባ እንጃ። አክስቴ ለማንም እጇን አልከለከለችም። ግን ከመጨበጧ በፊት እያንዳንዱን እጅ ጎንበስ ብላ ታየው ነበር። መጀመሪያ ዓይኗ የደከመ መስሎኝ ነበር። ኋላ ገባኝ፤ የመታውን እጅ ትፈልግ ነበር። ሰልፉ ሲያልቅ የራሷን መዳፍ አየችና በነጠላዋ ጠረገችው።

ወደ አስፋልቱ ስንሄድ ማልቀስ ጀመርኩ። ባጃጅ እስክናገኝ አላቆምኩም። እሷ ትከሻዬን ይዛ «በቃሽ። አንቺ ምን ታደርጊ፣ አላወቅሽ» ትለኝ ነበር። መንገዱን ሁሉ እሷ አጽናናችኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ያየሁት እያደር ሲደፈርስ ነው። በአዲሱ ሞተር ሁለት ጠብ ቀድመን ደርሰን አስቁመናል፤ ዋሽቼ አልናገርም፣ ጥሩ ሥራ ነው። አክስቴ አሁን ሠርግ ትጠራለች፣ እንደማንኛውም ሰው ትበላለች፣ ስለ ልጇ ማንንም አትጠይቅም። ያንን ዱላ የያዘ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ስረግመው ነበር፤ ተነስቶ እኔ ነኝ ማለት ያቃተው ፈሪ እያልኩ። አሁን አልረግመውም፣ የምረግምበት አፍ የለኝም። ሌሊት ሌሊት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ፣ ዛሬ ሄጄ እነግራታለሁ እላለሁ። ቅዳሜ እሄዳለሁም። እንሰቷን እያገዝኳት እውላለሁ፣ ምሳ ታበላኛለች፣ እመለሳለሁ።

ሳልናገር ስመለስ ይህን ጻፍኩ። በአማርኛ ነው የጻፍኩት፤ አክስቴ ማንበብ አትችልም።