የአራቱ ከተሞች የማታ ደወል

ዓለም ጤና ስልክ ቤት የገባ ሰው ስልከኛዋን መሰለችን ብዙ ጊዜ ዐይኗን ጨፍና ያገኛታል። የተኛች ትመስላለች። እሷ ግን ትቆጥራለች።

ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ዝዋይና አዳሚ ቱሉ ያን ጊዜ በአንድ ሽቦ ላይ ነበሩ። አንዱ የስልኩን እጀታ ሲያዞር ደወሉ በአራቱም ቤት ይጮሃል። አንድ ረጅም የመቂ ነው፤ ሁለት ረጅም የዝዋይ፤ ሦስት አጭር የአዳሚ ቱሉ። አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ሲሆን መሰለች ዐይኗን ትገልጣለች።

የሌላውን ጥሪ አንስቶ መስማትም ይቻል ነበር። የሽንኩርት ዋጋ ከነጋዴው ቀድሞ በሽቦው ይወራል። ዘመኑ ግን የተሰማ ቃል ሰው የሚያሳስርበት ነበር። አንድ ቀን ዘርፉ የምትባል ሴት ከልጇ ጋር ስታወራ በመሃል የሌላ ሰው ትንፋሽ ሰማች፤ ሁላችንም ደህና ነን ብላ ዘጋች፤ ዳግመኛም ስልክ ቤት አልመጣችም። ስለዚህ በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ለየከተማው የራሱ ቁጥር ሊሰጥ ነው፣ የአንዱ ጥሪ በሌላው ቤት አይሰማም ሲባል መሰለች ደስ አላት። የከነከናት የማታው ደወል ነው።

የአዳሚ ቱሉው ስልከኛ ጋሽ ሰብስቤ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ልባቸውም ደካማ ነው። ዘወትር ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ አጭር ደወል ያሰማሉ። አለሁ ማለታቸው ነው። ሌሎቹም በየተራ ይመልሳሉ። በዚያች ሰዓት ሽቦው ከሽንኩርት ማሳው በላይ፣ በሐይቁ ዳር እየተጓዘ፣ እንደ አንድ ረጅም እንስሳ ሲተነፍስ ለመሰለች ይታያት ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ደወሉ ቀረ። የዝዋይዋ ስልከኛ መኪና ለምና ሰው ላከች፤ ጋሽ ሰብስቤ ከወንበራቸው ሥር ወድቀው ተገኙ። በሕይወት የተረፉት በዚያ ነው።

አዲሱን ስልክ ሊተክል ከናዝሬት የመጣው አብዱናሲር ነው። ስልኩ እጀታ የለውም፤ ቁጥሩ በጣት ይዞራል። መሰለች ለሁሉም ባንዴ መደወል ይቻል እንደሆነ ጠየቀችው።

"ለአንድ ሰው ነው የሚደወለው፣ እቴ። ለሁሉም የሚጮኸውማ በየቤተ ክርስቲያናችሁ አለላችሁ።"

"አንዱ ዝም ቢል በምን እናውቃለን?"

ካቻቢቴውን ከአፉ አውጥቶ እንዲህ ያለው ነገር በማሽኑ መጽሐፍ ውስጥ እንደሌለ ነገራት።

በአሮጌው ሽቦ የመጨረሻ ማታ፣ ደወሉ ዞሮ ሲያበቃ፣ መሰለች ሁሉንም ስልክ አስነሥታ ያሰበችውን ተናገረች። ከነገ ጀምሮ እሷ ወደ መቂ ትደውላለች፤ መቂ ወደ ዝዋይ፤ ዝዋይ ወደ ጋሽ ሰብስቤ፤ እሳቸው ወደ እሷ ይመልሱታል። ጥሪው ካልዞረ፣ የቆመበት ሰው ይፈለጋል። የመቂው ስልከኛ ዕቁብ ገባን በሉኛ ብሎ ሳቀ። ጋሽ ሰብስቤ ለአንድ ሽማግሌ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል አሉ፤ ማንም አልሰማቸውም።

በማግሥቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመቂን ቁጥር አዞረች፤ ተነጋግረው ዘጉ። ከዚያ ዐይኗን ጨፍና ጠበቀች። በሐሳቧ ጥሪው መቂን አለፈ፤ ዝዋይ ደረሰ፤ የሐይቁን ውሃ ሳይነካ ወደ አዳሚ ቱሉ ወረደ። እዚያ ላይ ጠፋባት። ውጭ ፀሐይዋ የጭነት መኪኖች አቧራ ውስጥ ገባች።

ደወሉ ጮኸ። አንድ ረጅም፤ የመቂ ነው ብላ ተወችው። ሁለት ረጅም፤ የዝዋይ ነው። ሦስት ረጅም። ሦስት ረጅም የማንም አልነበረም። ከእንግዲህ በዚህ ቤት የእሷ ያልሆነ ደወል እንደማይጮኽ ያኔ ገባት።

አነሣችው። በመሃል የማንም ትንፋሽ የለም።

"ቆጥረሽ ጨረስሽ?" አሉ ጋሽ ሰብስቤ። "እኔም ሦስት አጭር ስጠብቅ ነው የዘገየሁት።"