አንድ ዋስ ለአንድ ሰው

በፖሊስ ጣቢያው የእስር ክፍል ውስጥ አምስት ነበርን። በመስኮቱ ሥር እኔ፤ ለዕድሜዬ ብለው የለቀቁልኝ ቦታ ነው። በግድግዳው በኩል ከኪራሙ ተፈናቅለው መጥተው ነቀምቴ ላይ የተያዙ እናትና ልጅ። በሩ ሥር አረቄ ሻጭ። ከሽንት ባልዲው አጠገብ ደግሞ አንዲት ወጣት። ለሌባ የሚሰጠው ቦታ እሱ ነበር።

እኔን ያመጡኝ በልጄ ፈንታ ነው። ጫካ ገብቷል አሉ። የት እንዳለ አላውቅም አልኩ። እውነቴን ነበር።

ወጣቷን ገና ስገባ አወቅኋት። ከአራት ዓመት በፊት በቤተ ክርስቲያናችን ትዘምር ነበር። ሳታገባ አረገዘች። ጉዳዩ ለሽማግሌዎች ሲቀርብ፣ ከኅብረት ትታገድ ብለው እጃቸውን ካወጡት አንዷ እኔ ነኝ። እሑድ ስሟ በጉባኤው ፊት ተነበበ። ተቀጥራ የምትሠራበት ቤት ሰዎች ሰኞ አስወጧት። እነሱም ምእመናን ነበሩ።

ስምንት ቀን አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። ከምሳ በፊት የምጸልየው እኔ ነበርኩ፤ የሁሉንም ስም አነሳለሁ፣ የእሷን ግን እዘላለሁ። በዘጠነኛው ቀን፣ ዓርብ፣ በጸሎቱ መካከል ወደ እሷ ዞርኩ።

«አዴ፣ እኔ ጋ ሲደርሱ ይለፉኝ» አለች። «ያውቁበታል።»

አረቄ ሻጯ ሳቀች። ጸሎቱን አልጨረስኩትም።

«ምን ሰረቅሽ?» አልኳት።

«ብርድ ልብስ። ከሰው ግቢ፣ ከሽቦ ላይ። ልጄን በርዶት ነበር።»

«ፍርድ ቤት ምን አለሽ?»

«በሰው ዋስ ውጪ አለኝ። ሰው ካለሽ ማለቱ ነው።»

ልጇ በዲጋ ወረዳ፣ አንዲት ጎረቤት ጋ ነበር። ጎረቤቲቱ ከነገ በኋላ አልይዘውም ብላ ልካባታለች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮ ጠሩኝ። መምህር የሆነው ታናሽ ወንድሜ የመሥሪያ ቤት መታወቂያውን ይዞ ዋስ ሊሆነኝ መጥቷል።

«ለእኔ አይደለም» አልኩት። «ውስጥ ላለችው ልጅ ፈርም።»

«እትዬ፣ ማን ናት?»

«ያገድናት ናት።»

መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ ፖሊሱን፣ «ለሁለቱም ብፈርምስ?» አለው።

«አንድ ዋስ ለአንድ ሰው ነው።» ፖሊሱ ወደ እኔ ዞረ። «ሃርሜ፣ እናቴ፣ ዛሬ ካልወጡ እስከ ሰኞ እዚህ ነዎት። ሰኞም ቢሆን እኔ እንጃ።»

«ብትጠፋስ?» አለ ወንድሜ። «የምታሰረው እኔ ነኝ።»

«ከታሰርክ ምሳ አመጣልሃለሁ» አልኩት።

ብዕር ጠየቀ። ከዚያ ፈረመ።

እኔ ሰኞም አልወጣሁም፤ ክረምቱ እዚያው አለፈ። ልጄ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። በሰንበት ትምህርት ቤት፣ ስርቆት ከልብ ይወጣል ብዬ ለዓመታት አስተምሬአለሁ። አሁንም አምናለሁ። ከማን ልብ እንደሚወጣ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ዛሬ በሽማግሌዎች ስብሰባ የሰው ስም ሊነበብ ሲል፣ ሰኞ የት ያድራል ብዬ እጠይቃለሁ።

ያን ዓርብ ልጅቷ ልብሷን በፌስታል ሰበሰበች። አመሰግናለሁ አላለችም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ባልዲውን አውጥታ ደፋች፣ አጠበችው፣ ወደ ቦታው መለሰችው። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ፌስታሏን አነሳችና ወጣች።