ለጋሌብ ክለብ የተላከው ሽምግልና

ፋናዬ የምትሠራው ፒችትሪ ኮርነርስ ውስጥ የሆስፒታል ዕቃ በሚታሸግበት መጋዘን ነው። ጓንቱን፣ ፋሻውን፣ መርፌውን ካርቶን ውስጥ ትሞላለች፣ በቴፕ ታሽጋለች፣ ወደሚቀጥለው ሰው ትገፋለች። ከስቶን ማውንቴን እየነዳች ስትመላለስ አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት። ዝምተኛ ሴት ናት። ሱፐርቫይዘሩ ስሟን አበላሽቶ ሲጠራት እንኳ አታርመውም፤ አቤት ብላ ትሄዳለች። አፏ የሚፈታው አንድ ወሬ ሲነሣ ብቻ ነው። እሱም ክሮኤሺያ ውስጥ ያለ የአንድ ቅርጫት ኳስ ክለብ ታሪክ ነው።

ያስቃል መሰለኝ፣ ግን እንዲህ ነው የሆነው።

በዲቪ ስትመጣ ባሏ ፀጋአብና የአራት ዓመት ልጃቸው ኤልቃና አብረዋት ነበሩ። ፀጋአብ ቶሎ ሞተባት። ልጁ የአባቱን ቁመት ወረሰ፤ አሥራ አምስት ሳይሞላው በር ሲገባ ጎንበስ ማለት ጀመረ። የእሷ ሐሳብ ነርስ እንዲሆንላት ነበር። እሱ ግን ኳሱን ያዘ፣ በኳስ ኮሌጅ ገባ። ኮሌጁን ሲጨርስ አንድ ኤጀንት ጋሌብ ለሚባል ክለብ አስፈረመው። ጋሌብ በእነሱ ቋንቋ የባሕር ወፍ ማለት ነው አሉ። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ባሕሩ ጫፍ ላይ የተለጠፈች።

መጋዘኑ ውስጥ ከጎኗ የምትሠራው ፈትያ ይህን ስትሰማ፣ "ሰው ለዲግሪ ነው ባሕር የሚሻገረው። ያንቺ ልጅ ዲግሪውን ይዞ ለኳስ ተሻገረ?" አለቻት።

"ሥራ ነው እኮ። ኮንትራት ፈርሟል።"

"መፈረምማ የኔም ባል ፈርሞ ነበር። ይኸው ትራኩን አግብቶ ይኖራል።"

ፋናዬ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ብሬክ ስትወጣ እዚያ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ነው። ኤልቃና ወደ ልምምድ ሲሄድ ይደውልላታል። አዳራሹ በር ላይ ሁልጊዜ ሽሜ የሚባል ሽማግሌ አይጠፋም። ድሮ መርከብ ፋብሪካ ውስጥ በያጅ ነበር፤ አሁን የክለቡን ኳስ ይነፋል፣ ማሊያ ያጥባል። እናትየው ስልክ ላይ እንዳለች ካወቀ ወሬውን ይጀምራል፣ ልጁ ይተረጉማል። በሁለት ዓመት ውስጥ ታሪኩን ሁሉ እንዲህ በብሬክ በብሬክ ጨረሰችው።

ሽሜ እንደሚለው ጋሌብን የመሠረቱት የመርከብ ፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በያጆቹ ከመርከብ የተረፈ ብረት እንደ ቅርጫት ክብ አድርገው ወደቡ ዳር ተከሉ። ነፋስ ሲነሣ ኳሱ ባሕር ይገባል። ያኔ ጨዋታው ይቆምና አንዱ በጀልባ ቀዝፎ ያመጣዋል፤ የእንግዳው ቡድን ልጆች እስከዚያው ቁጭ ብለው ዓሣ ይበላሉ። አዳራሹንም ራሳቸው ናቸው የሠሩት፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ በወር አንድ የዕረፍት ቀኑን እየሰጠ።

"እኛም የቸርቹን ፓርኪንግ ያነጠፍነው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው በለው" ትላለች ፋናዬ።

በዘጠናዎቹ እዚያ ጦርነት ሲነሣ አዳራሹን ቤታቸው ለተቃጠለባቸው ሰዎች ከፈቱት። ሁለት ክረምት ሙሉ ሰው ከቅርጫቱ ሥር ፍራሽ አንጥፎ ኖረ። ተጫዋቾቹ ልምምዳቸውን መንገድ ላይ ሠሩ። ጦርነቱ እንዳበቃ ዋንጫ ወሰዱ፤ የመጀመሪያቸውም የመጨረሻቸውም ያ ነው። ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋ። ክለቡ ላይ አንዴ የባንክ ስም ተለጠፈ፣ ቀጥሎ የቢራ፣ ቀጥሎ የስልክ። ታችኛው ሊግ ወረደ፣ ተመለሰ። በመጨረሻ አንድ ኩባንያ ገዛው።

ፋናዬ የባንኩንና የቢራውን ነገር ብዙም አትይዘውም። የያዘችው ፍራሹን ነው። ቸርችም፣ መጋዘንም፣ ሱፐርማርኬት ወረፋ ላይም የምታወራው ያንን ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች እጅ ላይ ነው ልጄ ያለው፣ ትላለች።

ባለፈው ጥር ኤልቃና ቁርጭምጭሚቱ አበጠ። አንድ ቀን በብሬክ ሰዓቷ ደወለና፣ "ማሚ፣ ስሚኝ" አለ። "አሰልጣኙ ተጫወት አለኝ። አልችልም አልኩት። ጮኸብኝ፣ ልምምዱን ትቼ ወጣሁ።"

"ትተህ ወጣህ?"

"እግሬ አልቆም አለ እኮ። አሁን አግደውኛል። ከአሥር ቀን በኋላ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ያነሣሁት ኤምአርአይ እስከዚያ ይደርሳል፣ እሱን ካዩ ያልቃል። ኤጀንቴ ምንም እንዳትናገር፣ ምንም እንዳትጽፍ ብሎኛል። አንቺ ጸልዪ ብቻ።"

"ኮንትራቱን ቢያፈርሱብህስ?"

"ካፈረሱት አለቀ። ዝውውር በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፣ ማንም አይወስደኝም።"

ጸለየች። ሦስት ቀን ጾመች። ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ለእናት እንዴት ይሆናል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ አራተኛው ቀን ላይ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ሎረንስቪል ነዳች፣ ጋሽ ለገሰ ቤት።

ጋሽ ለገሰ የቸርቹ ሽማግሌ ናቸው። ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ ሬስቶራንት በጋራ ከፍተው የተጣሉ ሰዎችን አስታርቀዋል፣ አንድ ጊዜ ሁለት ፓስተሮችንም አስታርቀዋል። አገር ቤት ጸሐፊ ስለነበሩ እንግሊዝኛቸው የመሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ ነው፣ ከባድ።

"አለቃውን ሰድቦታል?" አሉ።

"ኧረ አልሰደበም ጋሼ።"

"ጥሎ ወጥቷል ግን።"

"አዎ ወጥቷል። እግሩን አሞት ነው።"

"እሱ ይደርሳል ልጄ። መጀመሪያ ይቅርታ ነው። ሽማግሌ ሆነን ገብተን ልጁ አላጠፋም ካልን ማን በር ይከፍትልናል?"

ይህን ፋናዬም ታውቃለች። ሽምግልና የገባ ወገን ጥፋቱን አስቀድሞ ተሸክሞ ነው የሚገባው፤ ባያጠፋም። ያኛው ወገን ያፍርና፣ ኧረ እኔም አጥፍቻለሁ ይላል። ነገሩ እዚያ ላይ ይበርዳል። ጨዋ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስላታል፤ ሐበሻም ሆነ ፈረንጅ።

አንድ ነገር ብቻ ለመነች። "ጋሼ፣ የፍራሹን ነገር ያስገቡልኝ።"

አስገቡላት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጻፉ፣ ከዚያ በአማርኛ አነበቡላት። "ልጃችን ኤልቃና ሥራውን ጥሎ መውጣቱን ራሱ ነግሮናል። አጥፍቷል። እናቱና እኛ ሽማግሌዎች እግራችሁ ሥር ወድቀን ይቅርታ እንጠይቃለን። እናንተ በክፉ ቀን አዳራሻችሁን ለተሰደደ ሰው የከፈታችሁ ናችሁና የአንድ ልጅ ጥፋት አይከብዳችሁም።"

ፋናዬ አለቀሰች። አምሮ ነበር። "የእግሩ ሕመም ቢገባስ?" አለች ቀስ ብላ።

"ሰበብ ይመስላል" አሉ ጋሽ ለገሰ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ።

እሳቸው ካሉ ምን ትላለች። ሳይን አደረገች። ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችም ከሥሯ ፈረሙ፣ ለክለቡም በኢሜይል ተላከ።

በማግስቱ ለፈትያ ነገረቻት።

"አጥፍቷል እንዴ ልጁ?"

"አላጠፋም።"

"ታዲያ ምን ብለሽ ፈረምሽ?"

"አጥፍቷል ብዬ።"

ፈትያ ቴፑን አስቀመጠች። "አንቺ ሴትዮ፣ እዚህ አገር መኪና ስንጋጭ እንኳ ሶሪ እንዳትሉ ይሉናል እኮ። ዝም አይነቅዝም። ምን ነበረበት ዝም ብትዪ?"

"እነሱ እንደዚህ አይደሉም። ሽሜን ስለማታውቂው ነው።"

ለሽማግሌዎቹ ኢሜይል ምንም መልስ አልመጣም። የኮሚቴው ዕለት ኤልቃና ከብሬክ በፊት ደወለ። ፋናዬ የማሸጊያ መስመሩን ትታ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ፓርኪንግ ድረስ ወጣች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

"ማሚ፣ አንድ ወረቀት አሳዩኝ" አለ። "ፊርማሽ አለበት።"

"ምን አሉህ?"

"የኩባንያው ሎየር ነው ያነበበው። ኤምአርአዩን አልከፈቱትም። ጥሎ መውጣቱን ለቤተሰቡ ነግሯል፣ ቤተሰቡም አጥፍቷል ብሏል አሉ። ኮንትራቱን አፈረሱት።"

"የፍራሹንስ አላነበቡትም?"

"አንብቦታል። ሎየሩ ከሌላ ከተማ ነው የመጣው። ስለ ምን እንደሆነ አልገባውም፣ ዘለለው።"

"ሽሜ አልነበረም?"

"ሽሜ ኮሚቴ ውስጥ የለም፣ ማሚ። ሽሜ ማሊያ ነው የሚያጥበው።"

ቀጥሎ፣ "እኔ ምን አጠፋሁ?" አላት።

"ምንም አላጠፋህም የኔ ልጅ።"

"ታዲያ ለምን አጥፍቷል ብለሽ ፈረምሽ?"

ልትመልስለት ፈለገች። ሽምግልናን በየትኛው ቋንቋ ትንገረው? የእሱ አማርኛ እዚያ ድረስ አይሄድም፣ የእሷም እንግሊዝኛ እንደዚያው። "አጥፍቷል ስንል እነሱ ኧረ አላጠፋም እንዲሉ ነው" አለች። ስትናገረው ለራሷም የሕፃን ወሬ መሰላት።

"ኦኬ" አለ። ቁጣም አልነበረበትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ኤጀንቱ ይግባኝ እንል ነበር፣ ግን ወራት ይፈጃል ብሏል። ዝውውሩ የሚዘጋው በዚያው ሳምንት ዓርብ ነው። ስለ እግሩ ስትጠይቀው ትንሽ ይሻለዋል አለ።

ጋሽ ለገሰ ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። "ይቅርታ ተጠይቆ እንዴት ሰው ይጨክናል?" አሉ። ደግመው ደጋግመው ይህንኑ አሉ። በኋላ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀት አወጡና፣ "ሌላ እንጻፍላቸው። አሁን የእግሩን እውነት" አሉ።

"ይቅር ጋሼ።"

ቀስ ብላ ስለተናገረች አልሰሟትም። "ምን አልሽ?"

"ይቅር። ምንም አይጻፉ፤ በእግዚአብሔር።"

ሽማግሌን ተው ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እሳቸውም ወረቀቱን መልሰው አስቀመጡ።

ኤልቃና ወደ ቤት የሚመለስበት ትኬት ለሰኞ ተቆረጠ። ቅዳሜ ጋሌብ በሜዳው ይጫወት ነበር። ሽሜ ከበሩ በላይ ወንበር ይዞልኛል፣ ከሱ ጋር ቁጭ ብዬ አያለሁ ብሎ ነገራት። ፋናዬ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አቆመችና ጨዋታውን ከፈተች። የእሷ ዓይን የፈለገው ጨዋታውን አይደለም፣ ከበሩ በላይ ያሉትን ወንበሮች ነው። ረጅም ስለሆነ አይጠፋኝም ብላ ነበር። ካሜራው ግን ኳሱን ነው የሚከተለው። ኳሱ ወደ በሩ ሲሄድ አንድ ረድፍ ፊት ብልጭ ይላል፣ እሷም ስልኩ ላይ ትደፋለች፤ ሳትለየው ደግሞ ወደ ሌላው ቅርጫት ይመለሳል። ጋሌብ በስድስት ነጥብ አሸነፈ። ያኔ ካሜራው ወደ ሕዝቡ ዞረ፤ ሰው ሁሉ ግን ቆሞ ነበርና ረጅሙ ከአጭሩ አይለይም። ጣቷን በሰዎቹ ራስ ላይ አንድ በአንድ እያስኬደች ስትፈልገው ሥርጭቱ አለቀ።