ሳልከፍተው የተነበበ መልእክት

የዚያን ዕለት ጠዋት ሌባ ለመያዝ ብዬ ከራሴ ላይ አንድ ሽበት ነቀልኩ። እኔ ራስ ላይ የቀረው ጸጉር ተቆጥሮ የሚያልቅ ስለሆነ ይሄ ቀላል መስዋዕትነት አይደለም። ሽበቷን ስልኬ ላይ አጋድሜ፣ ስልኩን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ፊቴን ልታጠብ ገባሁ። በጉርምስናችን ዘመን ደብዳቤያችንን ሰው ከፍቶት እንደሆነ ለማወቅ እጥፋቱ ውስጥ ጸጉር እናስቀምጥ ነበር። ጸጉሩ ከሌለ ተከፍቷል ማለት ነው። ተመልሼ ስመጣ ሽበቷ የለችም። የሳሎኑ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል። ለሚ ኩራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነፋስ ሳያንኳኳ እንደሚገባ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ቢሆንም በቀጥታ ወደ ኩሽና ሄጄ ምራቴን፣

«ስልኬን ለምን ነካሽ?» አልኳት።

ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። «ምን አሉኝ አባዬ?»

«የሰማሽውን ነው።»

ሰውየው አብዷል ከማለታችሁ በፊት ወደዚህ ያደረሰኝን ልንገራችሁ።

እኛው ሕንጻ ውስጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ባልና ሚስት ተጣልተው ባልየው ወንድሙ ቤት ማደር ከጀመረ ሰንብቷል። እኔና አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ሽማግሌ ሆነን ገባን። ሚስትየዋ ሰው ፊት ብዙ አትናገርም። ሸንጎው ላይ የዋጠችውን ማታ በስልክ ትጽፍልኛለች። አንድ ቀን እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጋሼ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ። ለሱ ገና አልነገርኩትም። መጀመሪያ ለኔ ብሎ ይመለስ እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ። ልጁን ከሰማ ለልጁ ብሎ ነው የሚመጣው። እባክዎ ከእርስዎ እንዳያልፍ።» እኔም ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያደንኩ «አያልፍም» ብዬ መለስኩ። ይህችን አንዲት ቃል ለመጻፍ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ምስጢሩንም ጠበቅሁ። አፌን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ተአምር ነው። አብሮኝ ለሚያስታርቀው ባልደረባዬ እንኳ አልተነፈስኩም።

ባለፈው እሑድ እኛ ሳሎን ተሰበሰብን። ነገሩ መለስለስ ጀምሮ ሳለ ባልየው ድንገት፣ «ለሚወለደው ልጅ ስንል ይቅር እንባባል» አለ።

 ሚስቱ እሱን አላየችውም፤ ያየችው እኔን ነው። እኔም እጄ ሰው ኪስ ውስጥ እንደተያዘ ሆንኩ። «የምን ልጅ?» አልኩት፣ ድምፄን አጠንክሬ። «እ... እግዚአብሔር ሲሰጠን ማለቴ ነው» ብሎ ባዶ ብርጭቆ አንስቶ ጠጣ። እሷ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍም ምግብም ጥርጣሬ ሆነብኝ። ለካስ ቀድሞም ምልክት ነበረ። መልእክት ሲመጣልኝ ከላኪው ስም አጠገብ ትንሽ ቁጥር ብቅ ትላለች፤ ስከፍተው ትጠፋለች። ይህቺ ቁጥር ግን ሰሞኑን እኔ ሳልከፍት በራሷ ትጠፋ ጀምራ ነበር። መጀመሪያ ዓይኔን ወቀስኩ። ቀጥሎ መነጽሬን፣ ቀጥሎ መነጽሩን ያዘዘውን ሐኪም። ከእሑድ ወዲህ ሰው መውቀስ ጀመርኩ።

ቤታችን ውስጥ ሰው ብዙ አይደለም። ልጄ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል። የቀረችው ምራቴ ናት። እሷ ጴንጤ ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ። እሷና ያ ባል ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ አንድ የጸሎት ቡድን ውስጥ ይገናኛሉ። በቃ፣ አገኘኋት! በጾም ቀን ለኔ ለብቻዬ በሌላ ድስት የምትሠራልኝ ሴት መሆኗን ረሳሁት። እንዲያውም «ድስቱ ለምን ተለየ?» ሳልል አልቀረሁም። ስልኳን አይታ ስትስቅ፣ የኔን ምስጢር እያነበበች ነው። ስትተክዝ፣ ጸጸት ነው። አትላስ ካፌ ስንቀመጥ ለባልደረባዬ ሹክ አልኩት።

«ስልኬን የሚያነብ አለ። ምራቴ ሳትሆን አትቀርም።»

«እኔም ጠርጥሬያለሁ» አለኝ።

«ምኑን አይተህ?»

«አንተ ስትጠረጥር አይቼ።»

ወደ ኩሽናው ልመለስ። ምራቴ እጇን ታጠበች፣ አደረቀች፣ ሳሎን መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ የሽንኩርቱ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

«አባዬ፣ ስልክዎን አልነካሁም። አሁንም አልነካውም። ማን እንደነካው ማወቅ ከፈለጉ ግን ይቀመጡ።»

እንደ ተማሪ ሁለት እጇን ወደኋላ አጣምራ ቆመች። «መልእክት የሚጻጻፉበትን ይክፈቱ። ሴቲንግ የሚለውን ይጫኑ።»

«የታለ?»

«አፍንጫዎ ሥር።»

«ይሄ?»

«እሱ ካሜራ ነው። ፊትዎን እያነሱ ነው።»

እንዲህ እየተዳከርን ዲቫይስ የሚል ቦታ ደረስን። በኔ ስም የተከፈቱ ነገሮች ሁሉ እዚያ ይዘረዘራሉ። አንዱ ይሄ ስልኬ ነው። ከሥሩ አንድ ኮምፒውተር ተጽፏል፤ አሁንም ክፍት ነው ይላል።

«እኔ ኮምፒውተር አለኝ እንዴ?»

«እርስዎ? ሪሞቱን እንኳ ገልብጠው ነው የሚይዙት። መቼ ነው የተከፈተው ይላል?»

ቀኑን አነበብኩላት። «የዚያን ቀን የት ነበሩ?» አለችኝ። ጣቴን እየቆጠርኩ ወደኋላ ሄድኩ፤ ደረስኩበት።

የዚያን ቀን ሃያ ሁለት ሰፈር ነበርኩ። የእርቁን ስምምነት ረቂቅ ባልደረባዬ በስልክ ልኮልኝ ላሳትም ስሄድ ያ ባል መንገድ ላይ አገኘኝና፣ «ጋሼ፣ ማተሚያ ቤት ምን ያንገላታዎታል፣ ቢሮዬ ፕሪንተር አለ» አለኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ አራት ማዕዘን አወጣ። ስልኬን ተቀብሎ ወደዚያ ደቀነው። የኔ መልእክት በሙሉ፣ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ፣ እሱ ኮምፒውተር ላይ ተዘረጋ። እኔ ምን አልኩ? «ወይ ሥልጣኔ!» አልኩ። ወረቀቴን ይዤ፣ ባልየውን መርቄ ወጣሁ። ኮምፒውተሩ ግን እንደተከፈተ ቀረ። ሚስቱ የጻፈችልኝን ሁሉ ከኔ እኩል፣ አንዳንዴም ከኔ ቀድሞ ሲያነብ ከርሟል። ከተጣሉት አንደኛውን ወገን ጓዳዬ ያስገባሁት ሽማግሌው ራሴ ነኝ።

«ላጥፋው» አልኩ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ገጹን ፎቶ ያንሱት። ነገ አላደረግሁም ቢልዎትስ?»

አነሳሁት። ከዚያ ከኔ ስልክ በስተቀር ሌላውን ሁሉ የሚያስወጣውን ተጫንኩ፣ ኮምፒውተሩ ጠፋ። ዳግመኛ ማንም በሌላ ዕቃ እንዳይገባ ተጨማሪ የይለፍ ቃል አስገባሁ። «የልደት ቀንዎን እንዳያደርጉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል» አለችኝ። እየጻፍኩ ቀና ስል ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማለች።

ባልየውን ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ አገኘሁት። ፎቶውን አሳየሁት። አልካደም።

«እኔ አልሰበርኩም ጋሼ። ክፍት ሆኖ ነው ያገኘሁት።»

«የጎረቤት በር ክፍት ሆኖ ብታገኝ ገብተህ ወጥ ትቀምሳለህ?»

የደረጃውን ብረት ተደገፈ። «አባት እንደምሆን የሰማሁት ከሰው መልእክት ላይ ሰርቄ ነው። እኔስ አላሳዝንም?» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ አሳዘነኝ። ሆኖም ለሚስቱ እንደምነግራት ነግሬው ወረድኩ።

በሩን በግማሽ ከፈተችልኝ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ምርቃቱን እንኳ አላስቀረሁም። ሰምታኝ ስትጨርስ፣ «እርስዎ እንዳልነገሩት አሁን አመንኩ» አለች። «ግን ጋሼ፣ ለሱ የምነግርበትን ቀን በልቤ አዘጋጅቼ ነበር። ፊቱን ማየት ፈልጌ ነበር። እሱን ማን ይመልስልኛል?»

 ከሽምግልናው እወጣለሁ አልኳት። «ኧረ ጋሼ፣ አይሆንም» ትለኛለች ብዬ ነበር። «ይሻላል» አለችኝ።

አሁን ባልደረባዬና ከሕንጻችን አንዲት እናት ይዘውታል። በስልክ ምንም አይጻፍም፤ ሚስትየዋ የምትለውን ለእናትየዋ በጆሯ ትናገራለች። ባልየው እሑድ እሑድ ይመጣል፤ እሷ ገና አልወሰነችም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ ባጭሩ።

ምራቴን የዚያኑ ዕለት ማታ ይቅርታ ለመንኳት። «ይቅር ብያለሁ» አለችኝ። «ግን ለማን ለማን ነገሩ?»

«ለ... ለአንድ ሰው ብቻ።»

«እንግዲያው እሱ ጋ ሄደው ስሜን ይመልሱልኝ።»

ሁለት ጊዜ አትላስ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ወሬው ስለ ባልደረባዬ ሆድ ሕመም ነበር፤ የታመመን ሰው አቋርጬ ምን ልበል? በሁለተኛው ቀን አፌን ስከፍት ቀደመኝ። ጠረጴዛው ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ያቺ ምራትህ አሁንም ስልክህን ታነባለች?» አለኝ። የሚደበቅበት ጉድጓድ እንዳጣ ሽማግሌ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣

«ኧረ አሁንስ አቁማለች» አልኩት።

ቤት ስገባ፣ «ነገሩት?» አለችኝ። «ሰው በዝቶ ነበር» አልኳት። የጾም ወጤን እንደወትሮው በተለየው ድስት አቀረበችልኝ። ስሟን ግን እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም።