በእስክሪብቶ የተሞላው ቅጽ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «እትዬ ዝገት» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ለሹፈት ነበር፤ እሷ ግን ውሎ አድሮ ወዳዋለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራዋ አንድ ነው፤ በየሦስት ወሩ አርባ ጅምር ሕንፃዎችን እየዞረች የትኛው እየተሠራ እንደሆነ፣ የትኛው እንደቆመ ቅጽ ላይ መሙላት። ቅጿ ከሲሚንቶና ከብረት ፋብሪካዎች ምርት ጋር ይደመርና ኢኮኖሚው ጤነኛ ነው ወይስ ታሟል የሚለው ወሬ ከዚያ ይወጣል።

ሌሎቹ ቆጣሪዎች በር ላይ ዘበኛውን ጠይቀው ይመለሳሉ። እሷ ደረጃው እስኪያልቅ ትወጣለች። ለሚቀጥለው ፎቅ ተብሎ ወደ ላይ ተቀስሮ የቀረውን ፌሮ ብረት በአውራ ጣቷ ታሸዋለች። ዝገቱ እንደ ሸክላ ዱቄት ጣት ላይ ከቀረ፣ ሠራተኛው ከወረደ ሳምንት ቢሆነው ነው። እንደ ቅርፊት እየተላጠ ከረገፈ ግን ሕንፃው ቆሟል፤ ዘበኛው የፈለገውን ይበል።

ይህን ያስተማራት ባሏ ነው። ዕድሜውን የፈጀው ፌሮ ሲያስር ነበር። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የሚሠራበት ሕንፃ ቆሞ ሰባት ወር ቤት ዋለ። እሷም ቅጹ ላይ «ቆሟል» ብላ ጻፈች። የመሥሪያ ቤቱ ልማድ ሆኖ የመስክ ቅጽ የሚሞላው በእርሳስ ነው፤ አለቃ «እንዲያርመው»። የያኔው አለቃ በላጲስ አጥፍቶ «በሥራ ላይ» ብሎ ጻፈበት፣ እሷም አፏን ዘጋች። በወሩ ጋዜጣው ግንባታ አደገ ብሎ ሲወጣ፣ ባሏ አልጋው ላይ ተጋድሞ ጮክ ብሎ አነበበላት።

«እኔ ታዲያ የት ሄጄ ነው ያደግሁት?» አለና ሳቀ። አብራው ሳቀች። «ቆሟል» የሚለው የጠፋው በማን ዝምታ እንደሆነ ሳትነግረው ሞተ።

ዘንድሮ ከአርባዎቹ አሥራ አንዱ ቆመው አገኘቻቸው። በዕድሜ ልጇ ሊሆን የሚችለው አዲሱ አለቃ ቅጹን አይቶ ፊቱን ከሰከሰ።

«እትዬ፣ አሥራ አንድ? ሰው ምን ይለናል? ይሄኛው እኮ የኮንክሪት ሚክሰሩ እንኳ ከግቢው አልወጣም።»

«ሚክሰሩ ውስጥ ድመት ወልዳለች። እሷንም ከምርት ልቁጠራት?»

«አዲሱ መመሪያ ዘበኛ ያለው ሁሉ በሥራ ላይ ነው ይላል።»

«ዘበኛውማ በሥራ ላይ ነው። የጠየቃችሁኝ ስለ ሕንፃው ነው።»

«ሰኞ ጠዋት አስተካክለው ያምጡልኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አለዚያ መዝገብ ቤት ይወርዳሉ። ጡረታዎም ቅርብ ነው፤ ምን አስቸገረዎት?»

ቅዳሜና እሑድን በሙሉ አሥራ አንዱንም ድጋሚ ወጣች። የመጨረሻው ሕንፃ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ስትደርስ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠች። ፌሮውን አሸች። ቅርፊቱ ቀሚሷ ላይ ረገፈ።

ሰኞ ጠዋት አለቃው ቅጹን ተቀበለና ሳያናግራት ላጲሱን ከመሳቢያ አወጣ። አሸ። ደግሞ አሸ። ወረቀቱ ጸጉር አወጣ እንጂ ሰማያዊው ጽሑፍ ንቅንቅ አላለም።

«በእስክሪብቶ? ይሄ እኮ የደንብ ጥሰት ነው!»

«ነው። ይክሰሱኝ።»

«ሌላ ሰው ልኬ አስሞላለሁ!»

«ይላኩ፣ የኔ ጌታ። ብረቱ እዚያው አለ፤ በእጁ እንዲነካው ብቻ ይንገሩት። የሌለውን ልሙላ ካለ ግን የራሱን ስም ይፈርምበት። የእኔን ስም ከሥሩ አታገኙትም።»

ቦርሳዋን አንጠልጥላ በራሷ እግር ወደ መዝገብ ቤት ወረደች። ማንም ሳያዛት የመጀመሪያ ሥራዋ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የሞላችውን ቅጽ ከፋይሉ ማውጣት ሆነ። ቅጹን መስኮቱ ላይ ለጥፋ በብርሃን አየችው። «በሥራ ላይ» ከሚለው ሥር፣ እርሳሷ ጠበቅ ብሎ ያረፈበት ስርጉድ አሁንም ይነበባል፤ ቆሟል።

«የትም አልሄድክም ነበር» አለች ለባሏ፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት እየሰሟት። ከዚያም ዝገት በያዘ አውራ ጣቷ ወረቀቱን ይዛ ወደ አለቃው ቢሮ ተመልሳ ወጣች፤ ላጲስ የማያጠፋውን ነገር እሱም በብርሃን ይየው ብላ።